ወደ አንገት የወጣው አርማ

ሰኞ ጠዋት በአርባ አንድ ከተሞች ያለ የ«ዳርቻ» ኩባንያ ልብስ ሁሉ አርማውን ከታችኛው ጫፍ አንስቶ አንገት ላይ አወጣው። ጥፋቱ የኤልዳና ነበር። እስከ አራት ሰዓት ድረስ ግን ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ልብሱ በራሱ መለወጡ ማንንም አያስገርምም። የዳርቻ ልብስ የሚሠራው ከሕያው ክር ነው፤ የሸማኔን እጅ ተምሮ ራሱን መልሶ ከሚሸምን ክር። ሲቀደድ ይደፈናል፣ ባለቤቱ ሲወፍር ይሰፋል። አርማው ግን በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከቦታው ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ሁልጊዜ ታች ነው፣ ከጫፉ አራት ጣት ከፍ ብሎ፦ በማዕዘናቸው የቆሙ ሦስት ባለአራት ማዕዘን ቅርጾች፣ የመካከለኛው አንድ ክር የጎደለው።

ስለዚህች ጉድለት የኩባንያው መጽሔት ሁለት ሙሉ ገጽ አውጥቷል። «ገና ያልተሸመነው ነገ» ይላታል። «ለእንግዳ ክፍት የተተወ በር» ይላታል። ጽሑፉን የጻፈችው ኤልዳና ናት። አርማውን ነድፋለች ተብላ የተሸለመችውም እሷው ናት።

በሃያ ሦስተኛው ፎቅ የመቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። የክሩ ቴክኒሻን ያፌት ከስክሪኑ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። የኩባንያው ኃላፊ ወይዘሮ ሶስና ቆመዋል። ኤልዳና ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች፤ እሷም የለበሰችው የዳርቻ ሸሚዝ ነውና አርማው ኮሌታዋ ላይ ወጥቶባታል። ጠዋት መኪና ውስጥ ሦስት ጊዜ በእጇ ወደ ታች ብትገፋው አልወርድ ሲላት ሻርፕ ጠመጠመችበት።

«ልብሶቹ ምንም አልሆኑም» አለ ያፌት። «እናት ጥለቱን ነው የተከተሉት።»

እናት ጥለት የሚባለው አንድ እውነተኛ ጨርቅ ነው። በዓለም ላይ ያለ የዳርቻ ልብስ ሁሉ በየማለዳው ቅርጹን የሚወስደው ከእሱ ነው። በእሱ ላይ የደረሰ ለውጥ ሁለት ቀን ከጸና በሁሉም ላይ ይታያል።

«ታዲያ ሄዳችሁ እናት ጥለቱን እዩታ» አሉ ወይዘሮ ሶስና። «የት ነው ያለው?»

«ዘጠኝ ቁጥር ክፍል» አለች ኤልዳና ፈጠን ብላ።

«ከፍቼው ነበር» አለ ያፌት። «አንድ መጥረጊያና ሁለት ባልዲ ነው ያለው።»

ወይዘሮ ሶስና ወደ ኤልዳና ዞሩ።

«አንድ ስልክ ልደውል» ብላ ኤልዳና ተነሳች።

እውነቱ አጭር ነው። እናት ጥለቱ አባቷ የሸመነው ነጠላ ነው። መጀመሪያ ቤተ ሙከራ ውስጥ በመስታወት ሳጥን አስቀምጠውት ነበር፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ልብሱ ሁሉ መላላት፣ መርገብ ጀመረ። ክሩ ሰው ይፈልጋል። የሚለብሰው፣ የሚያጥፈው፣ የሚዳብሰው ሰው። ኤልዳና ነጠላውን በድብቅ ሽሮ ሜዳ ወስዳ ለአባቷ መለሰችለትና የንብረት ቅጹ ላይ «ዘጠኝ ቁጥር ክፍል» ብላ ሞላች። የሸማኔ ቤት ብላ መጻፍ ትችል ነበር። ግን ቀጥሎ የሚመጣው «የማን ቤት?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ኮሪደሩ ላይ ቆማ ደወለች። አርማው አንገት ላይ መውጣቱ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ነጠላ የሚዘቀዘቀው፣ ጥለቱ ወደ ላይ የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ሆኖም ስልኩ ሲጠራ የምታስበው ስለ ዘጠኝ ቁጥር ክፍል ነበር።

«አባዬ፣ ነጠላውን ዘቅዝቀህ ነው የለበስከው?»

«አዎ» አለ አባቷ አቶ ዳልኬ።

«እባክህ አስተካክለው። አሁኑኑ። ሥራ ተበላሽቶብናል፣ በኋላ አስረዳሃለሁ።»

ከኋላው ወንበር ሲጎተት፣ ሴቶች ዝቅ ባለ ድምፅ ሲነጋገሩ ይሰማል።

«እሺ» አለ። «እሺ ልጄ። ሰው እየገባብኝ ነው እንጂ አስተካክለዋለሁ። ሠልስት ነው ዛሬ።»

«የማን ሠልስት?»

«የባሎቴ። ዓርብ ማታ አረፈች።»

ባሎቴ የአባቷ እህት ናት። እናቷ ስትሞት ኤልዳና የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ፀጉሯን የሠራችው፣ ትምህርት ቤት ያደረሰቻት ባሎቴ ናት። የዚያ ነጠላ ክር እንዳለ የተፈተለው በባሎቴ እንዝርት ነው። የጎደለችው ክርም የእሷ ናት፤ አባቷ ጥለቱን ሊጨርስ አንድ ክር ሲቀረው ፈትሉ አለቀበትና እህቱን ጠራት። ባሎቴ መጥታ አየችና ሳቀች። «ተወው፣ እንደዚሁ ይሁን። ስንፍናዬ ይታወቅበት» አለችው።

ሁለት ገጽ ሙሉ የተጻፈላት ጉድለት ይህች ናት።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለች ኤልዳና። ድምፅዋ ቁጣ ቁጣ ይላል፤ ራሷም ሰማችው።

«መርዶ እንዴት በስልክ ይነገራል? ደግሞ ሥራ ቦታ አትደውሉ ብለሽናል። አዲሱን ቤትሽን አናውቀውም። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ሁለት ሰው መሥሪያ ቤትሽ በር ላይ ልከን ነበር። ጥበቃው ሰው አይደለም አሉ፣ ማሽን ነው። ስምሽን ሲነግሩት ‹የተመዘገበ ዘመድ የላትም› ብሎ መለሳቸው። ተሳስቶ ይሆናል አልኳቸው።»

አልተሳሳተም። የሠራተኛ ቅጹን የሞላችው እሷ ናት።

«እና ላውጣው?» አለ አባቷ። «ሥራሽን የሚጎዳብሽ ከሆነ ላውጣው። ባሎቴ አትቀየምሽም፣ ታውቂያታለሽ።»

ታውቃታለች። ዳርቻ በተመረቀ ዕለት ባሎቴ ሳትጠራ መጥታ ነበር፣ በላስቲክ ከረጢት ስድስት ልቃቂት ክር ይዛ። እዚያው አዳራሹ በር ላይ ወይዘሮ ሶስና «እኚህ ማን ናቸው?» ብለው ጠየቁ። ኤልዳና «ፈትል የምታቀርብልን ሴት ናት» አለች። ባሎቴ ሁለት እርምጃ ላይ ቆማለች። ቀና ብላ ኤልዳናን አየቻት፣ ከዚያ ወደ ሶስና ዞራ «አዎ የኔ እመቤት፣ ፈትል ነው የማቀርበው» ብላ ከረጢቱን ዘረጋች። ከዚያ ወዲያ አንድ ቀን እንኳ መጥታ አታውቅም። ክሩን በሰው ትልክ ነበር።

«አታውጣው» አለች ኤልዳና። «እንዳታወጣው አባዬ።»

ስትመለስ ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ተለውጧል። ያፌት ከየከተማው የሚገባውን መልእክት እያነበበ ነበር።

«የሚገርም ነው፣ የተቆጣ ሰው ብዙም የለም» አለ። «አንዷ ከኦሳካ ‹አንገቴ ላይ እጅ ያረፈ መሰለኝ› ትላለች። ሳንቲያጎ ውስጥ ደግሞ የዳርቻ ልብስ የለበሱ ሰዎች መንገድ ላይ ሲተላለፉ ዝም ብለው ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ አሉ። ለምን እንደሆነ ራሳቸውም አያውቁትም።»

«በጣም ጥሩ!» ወይዘሮ ሶስና እጃቸውን አጨበጨቡ። «እንዲያውም አስበን ያደረግነው እናስመስለው። ኤልዳና፣ ትርጉም ጻፊለት። አርማው ወደ ልብ ተጠጋ፣ ምናምን። አንቺ መቼም ታውቂበታለሽ። ዘጠኝ ቁጥር ክፍልን በኋላ እናወራበታለን።»

ታውቅበታለች። መጻፊያ ሰሌዳውን ተቀብላ ተቀመጠች። ወደ አርባ አንዱም ከተማ የሚሄደው መልእክት ባዶ ገጽ ከፊቷ ተከፈተ። «ወደ ልብ የቀረበ» ብላ ጻፈች። ቃሉ ሳትፈልገው ነው የመጣላት፤ አሳፋሪው እሱ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ጥሩ ሆኖ ሊመጣ ነው።

አጠፋችውና ሌላ ጻፈች።

«ባሎቴ ጎዳ ዓርብ ሞታለች። ፈታይ ነበረች። የልብሳችሁ ክር የተማረው ከእሷ ፈትልና ከወንድሟ ከዳልኬ ጎዳ ሽመና ነው። አርማውን እኔ አልነደፍኩትም፤ ከአባቴ ነጠላ ላይ ወሰድኩት። መካከሉ ላይ የጎደለው ነገ አይደለም፣ ያለቀ ክር ነው። ዛሬ የለበሳችሁት ሐዘን ነው። ሐዘንተኛው ነጠላውን ሲያስተካክል በራሱ ይወርዳል።»

ላከችው።

ወይዘሮ ሶስና ከትከሻዋ በላይ አነበቡት፣ ዘግይተው።

«ምንድን ነው ያደረግሽው? ባሎቴ ማን ናት?»

ኤልዳና ሰሌዳውን መለሰችላቸው።

«ቆይ… ያቺ ፈትል የምታቀርብልን ሴት?»

«ያሳደገችኝ ናት።»

ወይዘሮ ሶስና ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ስልካቸው ሲጠራ አላነሱትም።

«አፈር ይቅለላት» አለ ያፌት። ከዚያ፣ ዝም ማለት ስላልሆነለት ይመስላል፣ ስክሪኑን አየ። «ሁለት ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ ልብስ ነው ዛሬ የተለበሰው። ይህን ያህል ሰው ሐዘን ተቀምጦላታል ማለት ነው። የአንድ ሰው አርማ ብቻ አይታይም፣ በሆነ ነገር ተሸፍኗል።»

ኤልዳና እጇን ወደ አንገቷ ላከች። ሻርፑ እንደተጠመጠመ ነው። ስሟን ሰምቶ የማያውቅ የኦሳካ ሰው፣ የሳንቲያጎ ሰው ለባሎቴ ነጠላ ዘቅዝቋል። ያልዘቀዘቀችው ፀጉሯን ባሎቴ የሠራችላት ልጅ ናት።

ሻርፑን ፈትታ ወንበሩ ላይ ጣለችው። ሦስቱ ቅርጾች ኮሌታዋ ላይ ታዩ፣ መካከለኛው አንድ ክር ጎድሎት።

«የት ነው?» አሉ ወይዘሮ ሶስና ስትነሳ አይተው። «ስብሰባ አለን። ስለዚህ ነገር የሚጠየቅ ሰው ያስፈልጋል!»

«ለቅሶ» አለች ኤልዳና። «አርፍጃለሁ።»

ወጥታ በሩን ዘጋችው።