የኦቦ መንገድ ሻምፒዮን

የቦናያ አስከሬን ከኬንያዋ ሞያሌ ወደ ኦቦ በሚወስደው መንገድ ቀኝ ዳር ተጋድሟል፤ የተጨፈለቀው ብስክሌቱም እግሩ ሥር ወድቋል። ኢንስፔክተር ቱሪ ሲደርስ ግማሹ ሞያሌ ቀድሞት ዱካውን ሁሉ ረጋግጦ እያለቀሰ ነበር። ቱሪ እንዲህ ያለውን እንባ ይጸየፋል።

ቦናያ ሦስት ዓመት በቤልጂየም ለአንድ የብስክሌት ቡድን ጋልቧል። ሥራው ለቡድኑ አለቆች ነፋስ መመከትና ኮዳ ማቀበል ነበር፤ አንድም ውድድር አላሸነፈም። በ2006 ሲመለስ ግን ከተማው «ሻምፒዮን» ብሎ ተቀበለው፤ እሱም ደስ ብሎት ዝም አለ።

«ወደ ኦቦ ሲጋልብ መኪና ነው ከኋላ የገጨው» አለ አስከሬኑን ያገኘው አሠልጣኙ ኤሌማ። «ከአዲስ አበባ ሞያሌ ሠላሳ ዓመት ጭነት ነድቻለሁ፤ ግጭት ሳየው አውቃለሁ። ጎህ ሲቀድ በዚህ ያለፈው አዳን ነው። ምን ምርመራ ያሻዋል፣ አፈንዴ?»

ሹፌሩ አዳን ከማለዳ ጀምሮ ታስሯል። ጎረምሶች ቤንዚን ይዘው ጣቢያው ደጅ የቆመውን መኪናውን ከበዋል፤ «ገጭቷል» የሚል ቃል ብቻ ይጠብቃሉ።

ቱሪ ጎንበስ ብሎ የሟቹን ጫማዎች ገልብጦ አየና ተነሣ።

የሟቹ ወኪል ጆሴፍ ከናይሮቢ የመጣ፣ ጥቁር መነጽሩን ለሐዘን እንኳ የማያወልቅ ሰው ነው።

«አፈንዴ፣ ጋዜጠኞች ይመጣሉ?»

«ለሬሳው ነው ወይስ ለአንተ?»

«ለሁለታችንም አይከፋም።»

የሟቹ ሚስት ሀዎ ግን ቃሏን አላበዛችም። «ዓርብ በሬዲዮ ሊናዘዝ ነበር። ጉልበቱ ከመርፌ እንደመጣ። መርፌውን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ለእኔም አልነገረኝም።»

ከቀትር በኋላ ቱሪ ሦስቱን በጣቢያው ግቢ ሰበሰበ፤ አዳንንም ከነካቴናው አስመጣው። ጎረምሶቹ አጥሩ ላይ ተንጠላጠሉ።

«ከጫማው እጀምራለሁ» አለ ቱሪ። «ከሥሩ ያለችው ብረት ፔዳሉ ላይ ትቆለፋለች። ጭቃ ከያዘች አትቆለፍም፤ ጋላቢ ሳይጠርጋት አይነሣም። የቦናያ ሁለቱም በጭቃ ተደፍነዋል። ስለዚህ ሲሞት ብስክሌቱ ላይ አልነበረም። ወርዶ ቆሞ ከሚያውቀው ሰው ጋር ያወራ ነበር።»

«ሲወድቅ የገባ ጭቃ ነዋ!» አለ ኤሌማ።

«የወደቀ ሰው በጎኑ ነው የሚጨቀየው። ሁለቱን እግሮቹን እኩል ተክሎ አይወድቅም። ገዳዩ ሰውየውን መትቶ ከጣለ በኋላ ብስክሌቱ ላይ በመኪና ሄደበት፤ ከዚያም ሬሳውን ቀኝ ዳር አጋደመ። ጆሴፍ፣ ናይሮቢ ስትነዳ የትኛውን ዳር ትይዛለህ?»

«ግራውን ነዋ። ሌላ ምን አለ?»

«ባልሽስ፣ ሀዎ?»

«ግራውን። አንድ ቀን እንኳ ቀኙን ይዞ አላየሁትም።»

«ከድንበሩ ወዲህ ሁላችንም ግራ ነን። መኪና ከኋላው ቢገጨው ግራ ዳር በተገኘ ነበር። ቀኝ ያስተኛው ሰው ግን ደንግጦ እጁ እንደለመደው ሠራ። ሠላሳ ዓመት ከወዲያ ማዶ ቀኙን ይዞ የነዳ እጅ።»

የሁሉም ዓይን ወደ ኤሌማ ዞረ።

«በዚህ ሰው ይታሰራል? ተው እንጂ፣ አፈንዴ!»

«በዚህ አይታሰርም። ለዚያ ነው ፒክአፕህን ያስፈተሽኩት። በጎማህ ጥርስ ውስጥ የብስክሌቱ መሪ የተጠቀለለበት ነጭ ጥብጣብ ተሰክቷል። ከወንበርህ ሥር ደግሞ ደም የነካው የጎማ መፍቻ ተገኝቷል።»

ኤሌማ ላቡን ጠረገ። «ከመንገድ አንሥቼ ሰው ያደረግሁት እኔ ነኝ! ዓርብ ስሜን ሊያጠፋ ነበር። ሌሎች አራት ጋላቢዎች ለአውሮፓ አዘጋጅቻለሁ...»

«በዚያው መርፌ?»

ቱሪ መልሱን ሊሰማ አልቆመም፤ የአዳንን ካቴና ፈትቶ በአሠልጣኙ እጅ ላይ አሰረው።

አዳን ከግቢው ሲወጣ ቤንዚን ይዞ የነበረው ጎረምሳ ፈገግ ብሎ ቀረበው።

«አዳን ወንድሜ፣ በንዴት ነው እኮ። ለቀብሩ ሄሉ ድረስ ታደርሰናለህ?»

አዳን የመኪናውን ጎማዎች አንድ በአንድ ዞሮ አየ።

«ሬሳውን እወስዳለሁ። ሀዎንም እወስዳለሁ» አለ በሩን እየከፈተላት። «እናንተ በእግራችሁ ተከተሉ።»