የደላላው ሠላሳኛ ቀን

እስኪ ንገሩኝ፤ አንድ የቤት ደላላ ከሞተ በኋላ ጻድቅ ለመሆን ስንት ቀን ይፈጅበታል?

እስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ ውስጥ ሠላሳ ቀን ይበቃል። ሺሊ ይህን የተረዳችው በኦገስት 2015፣ የአጎቷ የመንግስቴ የሠላሳ ቀን መታሰቢያ ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ የሕይወት ታሪኩን ከዕብራይስጥ ወደ አማርኛ ትመልሳለች። «ለማኅበረሰቡ በሮችን ሁሉ የከፈተ ሰው» ይላል። የጻፈው አሎን ነው፤ ከአጎቷ ጋር ዐሥራ ሁለት ዓመት በሽርክና ቤት ሲያሻሽጥ የኖረው። ነገ በማይክሮፎን የምታነበው ግን እሷ ናት። ከቤተሰቡ ልጆች የአማርኛ ፊደል የሚያውቅ ሌላ የለም።

ታሪኩ ሁሉ ውሸት አልነበረም። መንግስቴ አራት ልጆቹን በየተራ ኳስ ልምምድ ያደርስ ነበር። የወላጆች ስብሰባ አንድም ቀን አምልጦት አያውቅም። በዚያው ዓመት ሜይ ሺሊንና የበኩር ልጁን ኤይታንን ቴል አቪቭ ወደ ቤተ እስራኤላውያን የተቃውሞ ሰልፍ የወሰዳቸው እሱ ነው። «ዘረኝነት ይብቃ» የሚል ካርቶን ይዞ፣ ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኸ። ሺሊ ያን ቀን ኮርታበት ነበር።

ሥራውን ስትጨርስ ነገ ለእንግዶች የሚታደለውን የመታሰቢያ መጽሐፍ ሽፋን ከፈተች። አሎን ለጌጥ ብሎ ከመንግስቴ የሥራ ደብተር አንድ ገጽ ፎቶ አንስቶ ሽፋን አድርጎታል። «ምንም ባይገባኝም ጽሕፈቱ ያምራል» ብሎ ጽፎላታል። ሁለት መቶ ቅጂ ታትሞ አልቋል።

ገጹ የሕንጻዎች ዝርዝር ነው፤ ስድስት አድራሻ። ከአራቱ ጎን፣ በዚያ በሚያምረው ጽሕፈት፣ «ለእኛ ሰው እንዳይታይ» ይላል።

ሺሊ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ካርቶን ተሸክሞ የጮኸው ሰው፣ ቢሮው ሲገባ የራሱን ወገን የማያስገባባቸውን ቤቶች ይመዘግብ ነበር። ያውም በአማርኛ፣ ማንም እንዳያነብበት።

ከአራቱ አንዱን፣ ሦስተኛውን አድራሻ ታውቀዋለች። ወደ ነስ ጺዮና መውጫ ላይ ያለ አዲስ ሕንጻ ነው። እናቷ ይታየሽ ደረጃውን የምታጸዳው እዚያ ነው።

«ኢማ» አለች፤ እናቷ አጠገቧ ልብስ ታጣጥፋለች። «የዚያን ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ቤት ልግዛ፣ አሳየኝ ስትዪው አጎቴ ምን አለሽ?»

«ተሽጧል አለኝ። ምነው?»

«ከዚያስ? ‹የሚሸጥ› የሚለው ጨርቅ በረንዳው ላይ እስከ መቼ ቆየ?»

«እስከ ፋሲካ። አምስት ወር ይሆናል። ገዢው ሐሳቡን ቀይሮ ነው ብዬ ነበር።»

እናቷ ማንበብ አትችልም። ሺሊ በጣቷ እየጠቆመች አነበበችላት። ይታየሽ የያዘችውን ፎጣ አጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው። አምስት ወር ሙሉ የዚያን ቤት ደጃፍ በየሳምንቱ ወልውላለች። በሩ ግን ለእሷ አልተከፈተም። ያልከፈተላት ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም፤ የገዛ ወንድሟ፣ የእናቷ ልጅ ነው።

«አፈር ለብሷል» አለች በመጨረሻ። «ሙት ወቃሽ አትሁኚ፣ ልጄ።»

«ቤሰደር፣ እሺ። በሕይወት ያለውን ሸሪኩንስ?»

እናቷ ፎጣውን ከተጣጠፉት ልብሶች ላይ ደረበችው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ አዳራሽ ጢም አለ። ኤይታን በሩ ላይ ቆሞ መጽሐፉን ያድላል።

«ማ ዜ፣ ምንድን ነው ይሄ፣ ፊትሽ ምን ሆኗል?» አላት።

ወደ ጥግ ወስዳ ሽፋኑን አነበበችለት። ኤይታን ለመሳቅ ሞከረና ከንፈሩ እንቢ አለው።

«ዲ፣ በቃ፣ ሺሊ። አባቴ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። ወንድሞቼ ፊት ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። ትንሹ ስድስት ዓመቱ ነው። የተሰጠሽን አንብቢና ውረጂ።»

አሎንን ፈለገችው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ የፀሐይ መነጽሩን አናቱ ላይ ሰክቶ፣ የሽማግሌዎችን እጅ በሁለት እጁ እየጨበጠ ያዝናል። ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን በዕብራይስጥ ስትነግረው ፈገግታው እዚያው ፊቱ ላይ ደረቀ።

«ሞቴክ፣ የኔ ማር፣ እኛ አልፈጠርነውም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሻጮቹ ናቸው የሚጠይቁት። አጎትሽ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር።»

«አንተም ታውቅ ነበር?»

«ነገ ቢሮ ነዪ፣ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። ዛሬ የቤተሰብ ቀን ነው።» ጉንጯን ቸብ አደረጋት። «ያላ፣ ሂጂ፣ እየጠበቁሽ ነው።»

እንዲህ ዓይነት ሰው ሁልጊዜ ነገ አለው፤ በሩ የሚዘጋ ቢሮም አለው። ትርፉን ከሟቹ ጋር ተካፍሎ ኖሮ፣ ጥፋቱን ግን ለሟቹ ብቻ ይተውለታል።

ሺሊ መድረኩ ላይ ወጣች። ስለ ኳስ ልምምዱ አነበበች፤ ስለ ወላጆች ስብሰባውም። ትንሹ ልጅ እግሩን እያወዛወዘ ያዳምጣል። በሮችን የከፈተ ሰው የሚለው ዐረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ ወረቀቱን አጠፈችው።

«እናቶቼ፣ አባቶቼ» አለች። «እጃችሁ ላይ ያለውን ሽፋን ላንብብላችሁ።»

አድራሻዎቹን አንድ በአንድ አነበበች። ከአራቱ በኋላ «ለእኛ ሰው እንዳይታይ» ስትል አንድ ሽማግሌ መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ ገለበጡት።

ከዚያ በዕብራይስጥ ቀጠለች። «አጎቴን አልከስም፤ መልስ መስጠት አይችልም። አሎን፣ ቢሮው የሁለታችሁ ነበር። እናቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ያ ቤት ለምን እንዳልታያት ንገራት።»

«እዚህ ቦታው አይደለም» አለ አሎን ከተቀመጠበት።

ኤይታን ከበሩ ተነስቶ በወንበሮቹ መካከል መጣ። ማይክሮፎኑን ከእጅዋ ሲወስድ ሺሊ አልተከላከለችም፤ አባቱ ነው። እሱ ግን አላያትም። ገመዱን እየጎተተ ወረደ፣ በወንድሞቹ ፊት አለፈ፣ አሎን ጭን ላይ አስቀመጠው።

«ቦታው እዚህ ነው» አለ። «ተነስና ሰው ሁሉ እየሰማ መልስላት።»