እንዳትከፍቺው

«ማን ነው ኦቭኑን የከፈተው?»

የኬክ ቤቱ ባለቤት እትዬ ኬኩን ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረጉት። መሃሉ ሰርጉዷል። ኬክ ሳይበስል በሩ ከተከፈተበት አበቃለት፤ እንደዚህ ቁጭ ይላል። ኬክ ቤቱ ውስጥ ይሄን የማያውቅ የለም።

«እሷ ናት» አለች ቅመም አብራት የምትለማመደውን ጭራሮን እየጠቆመች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። «አላስችል ብሏት ከፈተችው። ተይ ብያት ነበር።»

ጭራሮ ቀና ብላ አፈጠጠችባት። ራሷ ቅመም እኮ ናት የከፈተችው! ትሪ አድርሳ ስትመለስ፣ ቅመም የጭራሮን ኬክ የያዘውን የላይኛውን በር ስትዘጋ በዓይኗ በብረቱ አይታታለች።

እትዬ ጠዋት ቁርጡን ተናግረው ነበር። ገበያው ቀዝቅዟል፤ ከሁለቱ ተለማማጆች አንዷ ትሰናበታለች፣ ኬኳ ያማረላት ትቀራለች። ጭራሮ ከተባረረች ደግሞ ትምህርት ቀረ ማለት ነው። እናቷ ታማ ከተኛች ወዲህ የቤቱ ጉሮሮ መድፈኛ ይሄ ሥራ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ በእግዚአብሔር፣ እኔ አልከፈትኩም!»

«ስሙን አትጥሪብኝ! ነይ፣ ያበላሸሽውን ብይ።»

«እ?»

«ብይ አልኩሽ። እዚሁ፣ ቆመሽ።»

በላች። ጥሬው ሊጥ ላንቃዋ ላይ ተጣበቀ። ሠራተኞቹ ከበው ያያሉ። ክሬም መቺው «መልካም ልደት!» ሲል ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ቅመምም ሳቀች። እንዴት ያለ አንጀት ነው! ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት።

«ስትጨርሺ ሽርጥሽን ሰቅለሽ ውጪልኝ» ብለው እትዬ ወደ ሱቁ ሄዱ። ሌላውም ተበተነ። ቅመምን ደንበኛ ጠራት።

ጭራሮ ብቻዋን ቀረች። በታችኛው መስታወት የቅመም ኬክ ገና ሲነፋ ይታያል። እጀታውን ያዘች። አንዴ ሳብ ብታደርገው እኩል ይሆናሉ።

«ጌታዬ፣ እያየህ ዝም ትላለህ አይደል?» አለች። «እስከ መቼ ነው የምጠብቅህ? ሥራዬ እኮ ሄደ!»

ኦቭኑ ያጉረመርማል። እናቷ ጠዋት ከአልጋዋ ሆና፣ «ልጄ፣ ጨንቆሽ ክፉ እንዳትሠሪ፤ ለሱ ተይው» ብላት ነበር። ለእማማ ቀላል ነው፣ እሷ ጥሬ ሊጥ አልበላች! በእናቷም ተናደደች።

እጇ ግን አልሳበም።

«እሺ፣ ላንተ ትቼዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ደስ ብሎኝ ግን አይደለም።»

ሽርጧን ፈትታ ስትሰቅል ክሬም መቺው ገባ። «ይሄ ነገር ደርሶ ይሆን?» ብሎ ወደ ታችኛው በር እጁን ሰደደ።

«ተው! ገና ነው!» መሃል ገብታ በጀርባዋ ከለለችው።

«ምን አገባሽ? ተባረሽ የለ እንዴ?»

«አትከፍትም አልኩ!»

ሰውየው እያሾፈ ሲወጣ ቅመም በሩ ላይ ደረሰች። ጭራሮን ከኦቭኑ ጋር ተለጥፋ ስታያት ፊቷ አመድ መሰለ።

«ከፈትሽብኝ?»

«አልከፈትኩም። እሱ ሊከፍተው ሲል ከልክዬው ነው። ትንሽ ይቀረዋል፣ ከአጠገቡ እንዳትርቂ።»

ቅመም አንገቷን ደፋች። ጭራሮም ይቅርታዋን አልጠበቀችም። አፏን በእጅጌዋ ጠርጋ በጓሮ በር ወጣች፤ ማዶ ካለው ዳቦ ቤት ሥራ ልትጠይቅ መንገዱን ተሻገረች።