በደቂቃ አራት ጊዜ

የላቦራቶሪው ሰዎች «መርማሪዋ» የሚሏት ያለ ምክንያት አልነበረም። ሚዛኑ ትንሽ ከጨመረ ሚዛኑን፣ ሰዓቱ ከዘገየ ሰዓቱን፣ ሰው ያለ ወትሮው ፈገግ ካለ ሰውየውን ትጠረጥራለች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋ ተረት ከአፏ አትጠፋም። አይፈረድባትም። ከሦስት ዓመት በፊት ያጫት ሰው በሌላ ከተማ ሌላ እጮኛ እንዳለው የነገረቻት ራሷ ሌላዪቱ እጮኛ ነበረች። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ሥራዋ መቁጠር ነው። ኮርኒያ ከሚባለው ከዓይን የፊት ሽፋን የተወሰዱ ሴሎች ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉት የፕላስቲክ ሳህን ላይ ይበቅላሉ። እሷ በየጉድጓዱ የዓይን ጠብታ ታደርጋለች፤ ጥቂት ቆይታ መጥጣ ታወጣዋለች፤ ከዚያ ክዳኑን ከፍታ ሳህኑን ማድረቂያ ሳጥን ውስጥ ለሃያ ደቂቃ ለአየር ትተወዋለች። በመጨረሻ ሰማያዊ ቀለም ትጨምርበታለች። የሞተ ሴል ቀለሙን ይጠጣል፤ በሕይወት ያለው እምቢ ይላል። ጥሩ ጠብታ ማለት ከድርቀቱ በኋላ እምቢ ባዮችን ያበዛ ነው።

ጠብታዎቹ ስድስት ናቸው፤ አምስቱ ከተለያየ ፋብሪካ የመጡ፣ አንዱ ግን ተራ የጨው ውሃ። ሁሉም አንድ ዓይነት ብልቃጥ ውስጥ ገብተው ቁጥር ብቻ ተለጥፎባቸዋል። የትኛው ቁጥር የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው በየሰኞው ብልቃጦቹን የሚሞላው ወጣት ብቻ ነው። እሱን ደግሞ «ማኅተሙ» ይሉታል፤ ብልቃጡን ሲያሽግ አፉንም አብሮ ያሽጋል ብለው። ዝርዝሩ በፖስታ ታሽጎ ተቀምጧል፤ ፖስታው እስኪከፈት ድረስ ብልቃጥ ሞይውና ሴል ቆጣሪዋ ከሰላምታ በላይ እንዳይነጋገሩ ደንቡ ይከለክላል።

ሙከራው ሊጀመር ሦስት ቀን ሲቀረው ግን ዝናብ ሁለቱን በር ላይ አግቷቸው ነበር። እሷ የአዳዲስ ሳህኖች ካርቶን ታቅፋለች። እሱ ጃኬቱን አውልቆ ካርቶኑን አለበሰው።

«ለእኔ ብትደርብልኝ አይሻልም ነበር?» አለችው።

«አንቺ ብትረጥቢ ትደርቂያለሽ፤ ሳህኑ ግን እንደገና ይታዘዛል።»

ሳቀች። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመው አወሩ፤ ዝናቡ ሲያባራም ሁለቱም እንዳላዩ ሆኑ። ያን ቀን ማታ እናቷ «ዛሬ ምን አግኝተሽ ነው ፊትሽ የበራው?» ብለው ጠየቋት።

ሙከራው ተጀመረና ሰውየው ተዘጋ። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ሰፊ መስኮት አለ። እሷ ከማይክሮስኮፑ ቀና ስትል እሱ ጀርባውን ይሰጣታል። ሰላም ስትለው ለወለሉ ይመልስላታል። ደንብ ማክበር ነው እንዳትል፣ ደንቡ ማየትን አልከለከለም። የምታይህን ካልተመለከትክ የምትደብቀው አለህ ማለት ነው ብላ አሰበች፤ ማሰቡ ራሱ አመማት።

በመጀመሪያው ሳምንት ዓርብ፣ ግቢው በር ላይ ከአንድ ሽማግሌ ትንሽ ካርቶን ሲቀበል አየችው። በሽማግሌው ቦርሳ ላይ የአንድ ጠብታ ስም በትልቁ ተጽፏል፤ ከአምስቱ እጅግ ርካሹ።

«ማናቸው?» አለችው ዘበኛውን።

«አጎቱ ናቸው። የጠብታ ወኪል ናቸው።»

ሰኞ ዕለት ሴሎቹ መሞት አቆሙ።

ባለፈው ሳምንት ሁለተኛው ብልቃጥ ከመቶ ሰባውን ይገድል ነበር። አሁን እሱም አዳኝ ሆነ፤ ስድስቱም ጻድቃን ሆኑ። ሦስት ጊዜ ቆጠረች። ቀለሙን ቀየረች። ማክሰኞም ያው፣ ረቡዕም ያው። የጨው ውሃ ከውድ ጠብታ እኩል ያድናል እንዴ? ሁሉም እኩል ከሆነ ደግሞ ሰው የሚገዛው ርካሹን ነው። ርካሹን የሚሸጡት አጎት ናቸው። ብልቃጡን የሚሞላው የወንድማቸው ልጅ ነው። ነገሩ እንደ መቁጠሪያ አንድ በአንድ ገጠመላት።

«እማዬ፣ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» አለች ማታ፣ ዓይኗን እያሸች። ከቆጠራው ብዛት ቀልቶባት ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ አንድ ቀን ጥላሽንም ትከሺዋለሽ» አሉ እናቷ። «ሰውየውን ጠየቅሽው?»

«መጠየቅ አይፈቀድም።»

«ታዲያ መፍረድ ተፈቅዷል?»

ሐሙስ ጠዋት ሰው ሳይገባ ገባች። ኮሪደሩ ጫፍ ካለው ቁም ሳጥን ጀርባ ቆማ ጠበቀች። ብዙም አልቆየ፣ ማኅተሙ ጆግ ይዞ መጣና የእሷን የቆጠራ ክፍል ከፍቶ ገባ። ተከተለችው። ከማድረቂያ ሳጥኑ ኋላ፣ ማሞቂያው ላይ፣ እሷ ከወንበሯ ሆና በማታየው ቦታ ሰፊ የብረት ትሪ ነበር። እሱ ትሪው ላይ ያፈሳል።

«ምንድን ነው የምታፈሰው?»

ጆጉ ከእጁ ሊያመልጥ ነበር። «ውሃ» አለ።

«ውሃ ነው ብሎ የማያውቅ አጭበርባሪ የለም።»

ከትሪው በትንሽ ብልቃጥ ቀዳች፣ አሸገች፣ ሰዓቱን ጻፈችበት። ይህን ሁሉ ስታደርግ ውሃ ባልሆነ እያለች አይደለም፤ ውሃ በሆነ እያለች ነው። ከዚያ ብልቃጡን ወደ ላቦራቶሪው ኃላፊ ወደ ዶክተሯ ወሰደችው፤ እሱም ተከተላት።

ዶክተሯ ሁሉንም ሰምተው ከጎረቤት ክፍል የእርጥበት መለኪያ አስመጡና ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጡት። ንባቡ መሆን ከሚገባው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

«የሳጥኑ መለኪያ ከተበላሸ ወር ሆኖታል፤ ያላስጠገንኩት እኔ ነኝ» አሉ። ወደ እሱ ዞሩ። «ሳጥኑ የሚስበው የክፍሉን አየር ነው፤ አየሩን አርጥበህ ሴሎቹን ከድርቀት ገላገልካቸው። የሦስት ቀን ሥራ ገደል ገባ። ለምን አደረግከው?»

መርማሪዋ ሐሰተኛ ቶሎ እንደሚመልስ ከቀድሞ እጮኛዋ ተምራለች፤ ይህኛው ግን ላብ ብቻ ነው የሚመልሰው።

«ስትቆጥር ዓይኗን አታርገበግብም» አለ በመጨረሻ። «በመስኮቱ ቆጥሬያለሁ፤ በደቂቃ አራት ጊዜ ብቻ ነው። ሰው እኮ አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ያርገበግባል። ዓይኗ በየቀኑ ሲቀላ አየሁ። የክፍሉ አየር ነው የሚያደርቃት ብዬ...»

«ሰላምታዬን ለወለል የምትመልሰውስ?» አለች እሷ፣ ሳታስበው።

«ፊቴ አያስችለውም። የትኛው ብልቃጥ ምን እንደሆነ ከፊቴ ታነቢ ነበር። አንቺን ሳይ ደግሞ ሌላም ይነበብብኛል።»

ዶክተሯ መነጽራቸውን አውልቀው ማጽዳት ጀመሩ።

«ካርቶኑስ? ያጎትህ ካርቶን?»

ከጋውኑ ኪስ አወጣው። እሽጉ አልተነካም። «ለዓይን ድርቀት የሚሆን ነገር አምጣልኝ ብዬው ነው። ከተቀበልኩት በኋላ ነው ብልቃጥ ሞይ ለቆጣሪ ስጦታ ቢሰጥ ምን እንደሚባል የታወሰኝ። ውሃን ማንም አይጠረጥርም አልኩ።»

«ክሱን ያመጣሽው አንቺ ነሽ» አሉ ዶክተሯ። «ማጭበርበር ብለሽ ከጻፍሽ ይባረራል። ስህተት ካልሽ ቁጥሮቹን ጥለን እንደገና እንጀምራለን።»

ልታምነው ፈለገች፤ መፈለጓን ደግሞ ከሁሉ አብልጣ ጠረጠረች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «ብልቃጦቹ አይነኩ» አለች። «ትሪው ይውጣ፣ አየሩ ይድረቅ፣ በእነዚሁ ብልቃጦች አንድ ሳህን ልሥራ። ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው ሳምንት ከገደለ ውሃው ነው ያዳናቸው፤ እሱ ብልቃጦቹን አልነካካም ማለት ነው። ካልገደለ ግን...»

ትሪውን አውጥተው ወደ ውጭ የሚያሳየውን መስኮት ከፈቱ። መለኪያው እስኪወርድ እኩለ ቀን ሆነ። ጠብታውን አደረገች፣ መጠጠች፣ ሃያውን ደቂቃ ቆማ ጠበቀች። ከመስኮቱ ማዶ እሱም ቆሟል። ዛሬ ጀርባውን አልሰጣትም።

ቀለሙን ጨምራ አጎነበሰች። ስንት ዓመት ስትቆጥር ለሕያዋኑ ነበር የምታደላው፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴሎች እንዲሞቱ ለመነች። የሁለተኛው ብልቃጥ ጉድጓድ ከማይክሮስኮፑ ሥር ገባ።

ሰማያዊ ነበር። ግራም ቀኝም ሰማያዊ። ቆጠረች፤ ከመቶ ሰባ አንዱ ሞተዋል። ማይክሮስኮፑ ደበዘዘባት፤ ዓይኗ ረጥቦ ነው።

ቅጹ ላይ «ስህተት» ብላ ጻፈችና ፈረመች። ዶክተሯ ቁጥሮቹን ሰርዘው፣ ከዚያ ወዲያ ብልቃጥ የሚሞሉት ራሳቸው እንደሆኑ፣ የብልቃጦቹም ቁጥር አዲስ እንደሚሆን ተናገሩ። ማኅተሙን ሳህን አጠባ ላይ መደቡት። እናም ደንቡ ሁለቱን መከልከሉ ቀረ።

ከሰዓት ማጠቢያው ክፍል ሄደች። እስከ ክርኑ አረፋ ውስጥ ነው።

«ያን ካርቶን አምጣው» አለችው።

ተቀበለችው። የሚያበቃበትን ቀን አነበበች፣ እሽጉን በጥፍሯ ፈተነች፣ ብርሃን ላይ አዙራ አየችው።

«ያጎትህ ጠብታ ስንተኛው ብልቃጥ ነበር?»

«ፖስታው አልተከፈተም» አለ፣ እጁን እየጠረገ።

«ቁጥሩ እኮ ተሰርዟል።»

«ቢሰረዝም አልተከፈተም።»

የቀረው ጥርጣሬዋ እዚያች ላይ አለቀ። የሆነ ሆኖ ፊቷን አላላላችም።

«መቼም ከትሪው ውሃ አይበልጥም» አለች። «ሦስት ቀን ሙሉ ሁሉንም ያዳነ እሱ ብቻ ነው።»

እሽጉን ራሷ ከፈተችና ጠርሙሷን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«እኔ ለራሴ ማድረግ አልሆነልኝም» አለች። «እጅ ወደ ዓይኔ ሲቀርብ እጨፍናለሁ። የራሴንም እጅ አላምነውም።»

ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ራሷን ወደ ኋላ አዘነበለች። የእሱ እጅ ከላይ ቀረበ። እሷ ዓይኗን እንደከፈተች ጠበቀችው፤ ጠብታው እስኪወድቅ አንድ ጊዜም አላርገበገበችም።