ቀጥ ያለው ቀዳዳ

የጄኒሻ ጣቶች መረቡ ላይ ቆሙ። ቀዳዳውን ጭኗ ላይ ዘረጋችና ጠርዙን በአውራ ጣቷ ደጋግማ ዳበሰችው።

ከስድስት ዓመቷ ጀምራ መረብ ስትሰፋ የኖረች ልጅ ናት፤ አሁን አሥራ አራት ሊሞላት ነው። ሸርጣን የበላውን፣ ድንጋይ የቀደደውን፣ ዶልፊን የበጣጠሰውን ዓይኗን ጨፍና ትለያለች። ዶልፊን ዓሣውን ከመረብ ሲመነጭቅ ክሩ ይለጠጣል፣ ይሳሳል፣ ጫፉ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ይንጨባረራል። ከጠዋት ጀምሮ የሰፋቻቸው ስምንት ቀዳዳዎች ሁሉ እንደዚያ ነበሩ። ይሄኛው ግን ሁለት ክንድ ያህል ቀጥ ብሎ ወርዷል። የክሮቹ ጫፍም እኩል ነው።

ቢላ ነው።

አባቷ ሱሳይ ጠዋት «ከዚያኛው ጫፍ ጀምሪ» ብሏት ነበር። እሷ ደግሞ የኮኮናቱ ጥላ ያለው በዚህ በኩል ስለሆነ ከዚህ ጀመረች።

ትናንት ንጋት ላይ መረቡ አልወጣ ሲል ባህሩ ውስጥ የዘለለው እሱ ብቻ ነበር። ሲወጣ ዶልፊኖቹ ቀደውት እንዳመለጡ፣ ዓሣውም በዚያው እንደሄደ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ጎኑን ይዞ ነው የሚራመደው። ለእናቷ የሞተሩ እጀታ መታኝ ብሏታል።

መረቡ የእነሱን ጨምሮ የሦስት ቤት ነው። የጋራ መረብን በቢላ የነካ ሰው የዓሣውን ወቅት በሙሉ ጀልባ ላይ አይወጣም። ይህን ደንብ ከዓመታት በፊት ተሟግቶ ያስጸደቀው ራሱ ሱሳይ ነው።

«አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው የፈዘዝሽው?» አለች ሳሃያ የተቀቀለ ካሳቫ እያኘከች። ጓደኛዋ ናት፤ አባቷ አሩላፓን ደግሞ ከመረቡ ባለቤቶች አንዱ ነው።

«ምንም።»

ሳሃያ ወሬዋን ቀጠለች። ከቅዱስ ሚካኤል ንግሥ የተረፈውን ትልልቁን ርችት አባቷ እንዲሰምጥ ከድንጋይ ጋር ጠፍሮ ጨርሷል። ሰኞ ዶልፊኖቹ መሐል ሊጥሉት ነው። አሩላፓን እስከ ትናንት እንቢ ሲል የቆየ ሰው ነበር። ትንሽ ቀዳዳ ይሰፋል፣ እነሱም የእግዜር ፍጥረት ናቸው ይል ነበር። ሁለት ክንድ ሙሉ ቀደው ዓሣውን ጠራርገው ሄዱ ሲባል ግን እሱም አመረረ። ዛሬ ከማታው ቅዳሴ በፊት ቀዳዳውን በዓይኑ ሊያይ ይመጣል።

«ጆሯቸው ሲጮህ ይውላል፣ ምስኪኖች» አለች ሳሃያ።

«ጆሯቸው ብቻ ነው?»

ሳሃያ ማኘኳን አቆመች። «እኔ ምን አውቃለሁ? አቦ፣ አታካብጅ» ብላ ክር ልታመጣ ተነሥታ ሄደች።

ሱሳይ የመጣው ወዲያው ነው። ጄኒሻ ጭን ላይ የተዘረጋውን ሲያይ እርምጃው ቀነሰ።

«ቢላ ነው፣ አባዬ» አለችው።

ሱሳይ ጎኑን ደግፎ አሸዋው ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «የዶልፊን ግልገል ናት» አለ። «አፏ ተጠላልፎ። እናትየዋ ወደ ላይ ልትገፋት ትታገላለች፣ አየር እንድታገኝ። እኔንም ገጨችኝ። ቢላዬን መቼ እንዳወጣሁት አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን በእነሱ አሳበብክ?»

«ሁሉም ከጀልባው ላይ ቁልቁል ያዩኛል። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ርችት ያመጣል ብዬ መች አሰብኩ? ስፊው፣ ልጄ። ሳይደርሱ ስፊው።»

ጄኒሻ መርፌውን አነሣች። ግማሽ ሰዓት ይበቃታል፤ እሷ የሰፋችውን ማንም ለይቶ አያውቅም። አባቷ ወቅቱን ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ ሌሎቹ ጀልባ ሲገፉ እያየ ሲውል ታያት። እናቷ ታየቻት። ቀጥሎ ደግሞ ግልገሏን ወደ አየር የምትገፋው ዶልፊን ታየቻት፤ ትናንት የተረፈችው ግልገል ሰኞ እዚያው አካባቢ ትሆናለች።

ከወዲያ በኩል አሩላፓን ከሌላኛው ባለ መረብ ጋር በባህሩ ዳር ሲመጣ ታየ።

መርፌውን ማስቀመጫ ቆርቆሮዋ ውስጥ መልሳ ከተተችው።

«እኔ አልናገርም፣ አባዬ» አለች። «ግን አልሰፋውም።»

የተሰፋውን ጠቅልላ ወደ ጎን አደረገች፤ ቀጥ ያለውን ቀዳዳ ከላይ ዘረጋችው። ሱሳይ እጁን ወደ መረቡ ሰደደ። ሊያጥፈው ነው ብላ አሰበች።

ነፋስ ከባህሩ መጣና ጠርዙን ገልብጦ ቀዳዳውን ሸፈነው። ሰዎቹ ደርሰዋል። ሱሳይ ጠርዙን መልሶ ቀዳዳውን ገለጠው፤ ነፋሱ ዳግመኛ እንዳያነሣውም ጉልበቱን አሳረፈበት።