ይሉኝታ በጉማሬ ፊት

ኃይለመለኮት የጎማ ጀልባውን ነጭ ዓባይ ላይ ገፍቶ ሲዘልባት የጁባ ሙቀት ገና አልጀመረም። ከተማው ሁሉ ስለ መጪው የነፃነት ሕዝበ ውሳኔ ያወራል፤ እሱ ግን የመጣው ለሌላ ነው። የአዲስ አበባ ሀብታም ነው፤ ገንዘቡን የሚያፈሰው ሊገድሉት በሚችሉ ነገሮች ላይ ነው። የበረዶ ተራራ ወጥቷል፣ ከአውሮፕላን ዘሏል። አሁን ደግሞ ብቻውን እየቀዘፈ ከወንዙ ታች ያለችው ቴሬኬካ ከተማ ሊደርስ ተነሳ።

ብቻውን መሆኑ ግን አልተሳካለትም። ሃይ ማላካል በሚባለው የጁባ ሰፈር ሆቴል ያላት ማርቲ በቀዛፊው በያሕያ የእንጨት ጀልባ ተከተለችው። ደሴ ላይ ያሳደጓት ጎረቤቷ የኃይለመለኮት እናት፣ እማማ ማሚቱ ናቸው፤ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም። «አንድ ነገር ቢሆን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» ብላ ሆቴሏን ዘግታ ወጣች። ዋና እንኳ አትችልም።

«ጋሼ፣ እንመለስ፤ ሰማዩ ጠቁሯል» አለችው ሞንጋላ መንደር ሳይደርሱ።

«ለዚህ አይደል የመጣሁት?» ብሎ ሳቀ።

ዝናቡ ዱብ ዱብ ማለት ሲጀምር ነፋሱ ወንዙን አተራመሰው። ኃይለመለኮት በደስታ እየጮኸ ይቀዝፋል፤ ያሕያ ከጀልባው ውስጥ ውሃ ይጨልፋል፤ ማርቲ የምታውቃቸውን ቅዱሳን በሙሉ ትጠራለች። ዝናቡ አባርቶ እፎይ ሲሉ ከእንጨት ጀልባዋ ሥር ጉማሬ ብድግ አለ። ጀልባዋ ተገለበጠች። ያሕያ ዋኝቶ ዳር ያለው ደንገል ላይ ወጣ። ማርቲ ባዶ ጀሪካን አቅፋ መሀል ወንዝ ቀረች። ጉማሬው ጠልቋል፤ የት እንዳለ አይታወቅም።

የጎማዋ ጀልባ የምትችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ኃይለመለኮት ማርቲ አጠገብ ደርሶ ውሃው ውስጥ ዘለለ።

«ውጪ፣ ማርቲ።»

«አንተ ተመለስ። እኔ ጀሪካን ይዣለሁ።»

«ቅደሚ እልሻለሁ።»

«ኧረ በሞቴ፣ አንተ ቅደም። ታላቄ አይደለህ?»

ያሕያ ያደገው ጋምቤላ የስደተኛ ካምፕ ስለሆነ ይህን ግብዣ ያውቀዋል። ሐበሾች ምግብ ቤት በር ላይ አንተ ግባ፣ አንተ ግባ ሲባባሉ ስንቴ ከኋላቸው ተርቦ ቆሟል።

«በር ላይ አይደላችሁም፣ ውሃ ውስጥ ናችሁ!» ሲል ጮኸ። «ያላ፣ ፍጠኑ፣ ይመጣባችኋል!»

ሁለት ጆሮዎች ውሃው ላይ ብቅ አሉ።

«እማዬ ትሙት ካልወጣሽ» አለ ኃይለመለኮት።

ከዚህ መሐላ በኋላ ክርክር የለም። ማርቲ «ምን ዓይነት አፍ ነው» እያለች ወጣች፤ እሱ ገመዱን ጨብጦ በእግሩ ውሃውን እየመታ ከኋላ ገፋት። ጆሮዎቹ ጠለቁ። አንድ ግዙፍ ነገር እግሩን ታክኮ አለፈ። ተራራ ላይም፣ አውሮፕላን በር ላይም ያላወቀው ፍርሃት ያዘው፤ የፈራው ጀልባዋ ማርቲን ይዛ እንዳትገለበጥ ነበር።

ያሕያ ሁለቱንም ደንገሉ ላይ ጎትቶ አወጣቸው። ብዙም ሳይቆይ ዓሣ አጥማጆች አገኟቸውና የተገለበጠችውን ጀልባ ጭምር እየጎተቱ ሞንጋላ አደረሷቸው።

ኃይለመለኮት አሸዋው ላይ ተቀመጠ።

«ለሰው መፍራት እንዲህ ነው እንዴ፣ ማርቲ?»

«እኔ የፈራሁልህ ዛሬን ብቻ ነው፣ ጋሼ» አለችው ቀሚሷን እየጨመቀች። «እማማ ማሚቱ ግን አንተ በሄድክ ቁጥር ሳይተኙ ነው የሚያድሩት።»

ቴሬኬካ ገና ሩቅ ነበረች፤ እሱ ግን ስሟን አላነሳም። ከአንዱ ዓሣ አጥማጅ ስልክ ለምኖ ደወለ።

«እማዬ» አለ። «ደህና ነኝ፣ ልመጣ ነው። ከእንግዲህ ተኚ።»