ያልጠራኋት አስታማሚ

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ... ግን ደርሷል።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ሴኡል፣ ጋንግናም ሰፈር ውስጥ፣ አንድ የውበት ቀዶ ሕክምና ክሊኒክ ነበርኩ።

አገጬ ረጅም ነው። የእናቴ አገጭ። ለሥራ ማመልከቻ ፎቶዬን በላክሁ ቁጥር መልሶ የሚደውልልኝ አልነበረም።

ዶክተሩ በእስክሪብቶ ፊቴ ላይ እያሰመረ አስረዳኝ።

"የምንከፍተው ከከንፈርሽ ጀርባ፣ በውስጥ በኩል ነው። ጠባሳው አይታይም። አጥንቱን በመጋዝ ቆርጠን መሃሉን እናወጣለን። የቀረውን አቀራርበን በብሎን እናስረዋለን።"

"ያማል?"

"ከንፈርሽና አገጭሽ ለወራት ሊደነዝዙ ይችላሉ። ሰው ቢነካሽም አይሰማሽም።"

"የሚነካኝም የለም" ብዬ ሳቅሁ።

እሱ አልሳቀም።

ነርሷ ሚራን መጣች።

"አስታማሚሽ የታለች? ያለ አስታማሚ ዛሬ ወደ ቤት አንለቅሽም።"

ማንም አልነበረኝም።

"እናቴ እየመጣች ነው" አልኳት።

ዋሸሁ። እናቴን የቀበርኳት ባለፈው ክረምት ነው።

ስነቃ ፊቴ ከአገጬ እስከ ጆሮዬ በፋሻ ተጠቅልሏል። መናገር አልቻልኩም።

ሚራን ጎንበስ አለችና አንሾካሾከች።

"እናትሽ እንዴት ያሉ ሰው ናቸው... እጅሽን ይዘው ቆዩ። ማስካቸውን ግን አላወልቅም አሉ።"

ራሴን ነቀነቅሁ። አይደለም...

"ተይ፣ ስፌቱ ይከፈታል። 'ለቡችላዬ አጥሚት ላፍላላት' ብለው ቀድመው ወደ ቤት ሄደዋል። ይህን አክለሽ ቡችላዬ መባል... ታድለሽ።"

ቡችላዬ...

እያቆላመጠች እንዲህ የምትለኝ እናቴ ብቻ ነበረች።

"አንድ ነገር ግን ገረመኝ" አለች ሚራን። "ከአገጭሽ የወጣውን አጥንት ስጡኝ አሉ።"

በዓይኔ ጠየቅኋት።

"'የእኔ ነው' አሉ።"

"እናትሽ እቤትሽ እየጠበቁሽ ነው" ብላ ታክሲ ውስጥ አስገባችኝ።

የቤቴ በር የሚከፈተው በቁጥር ነው። ቁጥሩን የምናውቀው እኔና እናቴ ብቻ ነበርን።

ከፈትኩ።

ጠረጴዛው ላይ የሩዝ አጥሚት... ገና ይተናል።

አጠገቡ ማስክ። የወለቀ።

መሮጥ ነበረብኝ። አልሮጥኩም። እሷ ከሞተች ወዲህ በዚያ ቤት ለእኔ ተብሎ የተሠራ ምግብ ቀርቦልኝ አያውቅም።

ተቀመጥኩ።

አንድ ማንኪያ ቀመስኩ። ጨው የበዛበት... የእሷ እጅ።

በከንፈሬ ጥግ መፍሰሱ አልተሰማኝም። ግድግዳው ላይ ባለው መስታወት ነው ያየሁት።

ከዚያ... እጅ አየሁ።

የከንፈሬን ጥግ ቀስ አድርጎ ይጠርጋል።

ምንም አልተሰማኝም።

ዞር አልኩ። አጠገቤ ማንም የለም።

መስታወቱ ውስጥ ግን... እጁ መጥረጉን አላቆመም።